ጫካው አጠገብ ማደር

ሰመር ሲገባ ከኦክላንድና ከሳን ሆዜ የሚደውሉልኝ አብዛኞቹ ወላጆቻቸው ከአገር ቤት የመጡላቸው ልጆች ናቸው። «እማዬና አባዬ ትልልቆቹን ዛፎች ሳያዩ እንዳይመለሱ፤ ጠዋት ወጥተን ማታ እንገባለን አይደል?» ይሉኛል። ስለ ዋጋም ሆነ ስለ ቫኑ ከመነጋገራችን በፊት እኔ አስጎብኚው የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ ስንት ሌሊት ማደር ትችላላችሁ?

ደርሶ መልስ ለፈለገ ሙር ዉድስ አለ። ከሳን ፍራንሲስኮ የጎልደን ጌትን ድልድይ ተሻግሮ ሩቅ አይደለም። እ.ኤ.አ. ከ1908 ጀምሮ በመንግሥት የሚጠበቅ ሬድውድ የሚባሉት ትልልቅ ዛፎች የቆሙበት ያልተቆረጠ ጥንታዊ ደን ነው። መንገዱ ደልዳላ ስለሆነ ጉልበታቸው የደከመ አዛውንቶችን ወደዚያ እወስዳለሁ፤ ደስ ብሏቸው ይመለሳሉ። ነገር ግን የመኪና ማቆሚያው ቀድሞ ካልተያዘ አይገኝም፣ ሰዉም ይበዛል። ሁለት ሌሊት፣ ቢቻል ሦስት ሌሊት ማደር ለሚችል ቤተሰብ የምመክረው ግን ወደ ሰሜን ወጥቶ አርኬታ የምትባል ትንሽ ከተማ ማረፍን ነው።

አርኬታ ከኦክላንድ በሀይዌይ 101 ከ270 ማይል በላይ ትርቃለች። ለምሳና ለእረፍት እየቆምን ስንሄድ ቀኑ በመንገድ ያልቃል። ሕዝቧ ወደ 18 ሺህ ነው፤ መሐሏ ላይ ሣር የለበሰ አደባባይ፣ ዙሪያውን ሱቆችና ምግብ ቤቶች፣ ከፍ ብሎ ደግሞ ዩኒቨርሲቲ አላት። አጠገቧ ያለችው ዩሪካ ከእሷ ትበልጣለች፤ ሞቴልም በብዛት የሚገኘው እዚያ ነው። የጄዴዳያ ስሚዝን ደን ብቻ ማየት ለፈለገ ደግሞ ወደ ኦሪገን ጠረፍ የተጠጋችው ክሬሰንት ሲቲ ትቀርባለች። እኔ አርኬታን የምመርጠው ሬድውዱ ከከተማዋ ወሰን ውስጥ ስለሚጀምር ነው። ከአደባባዩ ተነስቶ በእግር ይደረሳል።

ካሊፎርኒያ ሲባል ሰው የሚያስበው ሙቀት ነው። በሐምሌ አጋማሽ ስስ ሸሚዝ ለብሰው የወረዱ እንግዶቼ በማግስቱ ጠዋት ከሞቴሉ በር ላይ ሲንቀጠቀጡ አያለሁ። ስለዚህ ከመነሳታችን በፊት ጋቢ፣ ሹራብና የተዘጋ ጫማ እንዲይዙ አጥብቄ እነግራቸዋለሁ። ብርዱን የሚያመጣው ጉም ነው። በዚያ ጠረፍ ያለው ውቅያኖስ በሰመርም ቀዝቃዛ ነው፤ በላዩ የሚያልፈው እርጥብ አየር ጉም ይሆናል። ውስጠኛው ሸለቆ በፀሐይ ሲግል ደግሞ ጉሙን ከባሕሩ ወደ ምድር ይስበዋል። ዝናብ በማይዘንብባቸው በእነዚያ ወራት ሬድውዱ የሚኖረው በዚህ ጉም ነው። ጉሙ ቅጠሉ ላይ ይጠራቀማል፣ ጠብ ጠብ እያለ ሥሩን ያጠጣል፤ ቅጠሉ ራሱም ውሃውን ይጠጣል። ዛፉ በዓመት ከሚያገኘው ውሃ ሲሶ ያህሉ ከጉም ሊመጣ እንደሚችል የዘርፉ ተመራማሪዎች ለክተዋል።

እዚያ ማደር አለባችሁ የምለው በዚህ ምክንያት ነው። ጉሙ ብዙውን ጊዜ የሚገኘው ጠዋት ነው። ከሩቅ ተነስቶ ቀትር ላይ የደረሰ ሰው የሚያየው ደርቆ የቆመ ትልቅ ግንድ ነው። ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ ጫካው ውስጥ የተገኘ ግን ሰማዩ ሳይዘንብ ዛፉ ሲዘንብ ይሰማል፣ ፈርን የሚባለው ቅጠላማ ተክል ሲርስ ያያል፣ ይህ ሁሉ ቁመት በምን እንደቆመ ሳይነገረው ይገባዋል።

የመጀመሪያውን ጠዋት ግን ወደ ታላቁ የሬድውድ ብሔራዊ ፓርክ አልወስዳቸውም። የምንጀምረው በአርኬታ የራሷ ደን ነው። ይህን ቅደም ተከተል አንዳንድ ልጆች ይቃወሙኛል፤ «ለዚህ ነው እንዴ ይህን ሁሉ መንገድ የመጣነው?» ይላሉ። እኔ ግን አልለውጠውም። እዚያ የቆሙት ዛፎች ረጃጅምና ቀጥ ያሉ ቢሆኑም ገና ወጣቶች ናቸው፤ የመጀመሪያው ደን በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መገባደጃ ተጨፍጭፏል። ጉቶዎቹ ግን አሁንም በየቦታው አሉ፤ ጥቁር፣ ሙስ የሚባለው አረንጓዴ ሽበት የለበሱ፣ አንዳንዶቹ አንድ ክፍል ቤት የሚያህሉ። ጎናቸው ላይ የተፈለፈለ ቀዳዳ ይታያል። ግንዱ ወደ ሥሩ ሲጠጋ በጣም ስለሚሰፋ ቆራጮቹ ከፍ ብለው ቀዳዳ ይፈለፍሉ፣ ሳንቃ ይሰኩ፣ ሳንቃው ላይ ቆመው ለሁለት መጋዝ ይስቡ ነበር። በየጉቶው ዙሪያ ደግሞ አዳዲስ ዛፎች ክብ ሠርተው ቆመዋል።

እዚህ ላይ ማብራሪያ የሚሰጡት ብዙ ጊዜ እንግዶቼ ናቸው። ገጠር ያደጉ አባቶች ጉቶውንና ክቡን ካዩ በኋላ «ይኼ እኮ እንደ ባሕር ዛፍ ያቆጠቁጣል!» ይላሉ። አዎ አባባ፣ ያቆጠቁጣል። የጥድ ዘመድ የሆነ ዛፍ ይህን ማድረጉ እንግዳ ነገር ነው፤ የአገራችን ጥድ አንዴ ከተቆረጠ ከጉቶው አይመለስም። ሬድውድ ግን ፍሬው ወይራ ፍሬ የሚያህል፣ ዘሩም ደቃቅ ቢሆንም ከዘሩ ይልቅ ብዙ ጊዜ ራሱን የሚተካው ከጉቶውና ከሥሩ በሚወጣ ቡቃያ ነው። ምሳር ያላጠፋው በዚህ ጠባዩ ነው። ደኑ ዳግም የበቀለው ከዚሁ ጉቶ ነው፤ ከተማዋ እ.ኤ.አ. በ1955 በካሊፎርኒያ የመጀመሪያው የማዘጋጃ ቤት ደን ብላ የሰየመችውም ይህንኑ ዳግም የበቀለ ደን ነው። ዛሬም ከዚያ ደን እየተመረጠ ዛፍ ይቆረጣል፤ ገንዘቡም ለደኑና ለከተማዋ መናፈሻዎች ይውላል። ሽማግሌዎቹ ይህን ሲሰሙ ስለ ወረዳቸው ደንና ስለ ሰበካቸው ቤተ ክርስቲያን ዛፎች ማውራት ይጀምራሉ፤ እኔ ዝም ብዬ አዳምጣለሁ።

ከሰዓት በኋላው ቀላል ነው። አርኬታ የፍሳሽ ውሃዋን ባሕረ ሰላጤው ዳር ባሉ ኩሬዎችና ረግረግ አሳልፋ የምታጣራበት ቦታ አላት፤ ወፍ የሚበዛበትና ለምሽት የእግር ጉዞ የሚመች ነው። የዩኒቨርሲቲ ከተማ ስለሆነች ለጾመኛም የሚበላ አይጠፋም። የወላጆች ጉብኝትና ጾመ ፍልሰታ በነሐሴ ስለሚገጣጠሙ ይህ ትልቅ ጉዳይ ነው። እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾሙ እናቶች ሲኖሩ ረጅሙን ጉዞ በማለዳ፣ ጉልበታቸው ሳይዝል እጨርሳለሁ፤ ከቀትር በኋላ በመኪና እያየን እንቆያለን፤ ምግቡንም በሰዓቱ አቀርባለሁ።

በሁለተኛው ቀን ወደ ሰሜን እንነዳለን። አንድ ሰዓት ሳይሞላ ኦሪክ የምትባል ከተማ እንደርሳለን፤ ከዚያ ዳገቱን ወጥተን ብሔራዊ ፓርኩ ውስጥ ያለው ሌዲ በርድ ጆንሰን የተባለው የደን ክፍል እንገባለን። መንገዱ አጭርና ደልዳላ ነው፤ በዱላ የሚሄዱም ዞረው ይወጡታል። ትናንት ጉቶውን ያየ ሰው ዛሬ ሙሉውን ዛፍ ሲያይ የሚገጥመውን ዝምታ በፊታቸው አውቀዋለሁ። ቀድሞ ወደ 2 ሚሊዮን ኤከር ይሸፍን ከነበረው ጥንታዊ የሬድውድ ደን ዛሬ ያለው ከመቶ አምስት እጅ ገደማ ነው። ይህን ቁጥር መኪና ውስጥ ብናገረው ያልፋል። እዚያ ቆመን ስናገረው ግን የትናንቱ ጉቶ ትዝ ይላቸዋል።

ብሔራዊ ፓርኩ እ.ኤ.አ. በ1968 ፕሬዚዳንት ጆንሰን በፈረሙት ሕግ ሲቋቋም ከወሰኑ ውጪ ባለው ተራራ ላይ ያለው ደን መቆረጡን ቀጠለ። አፈሩ እየተሸረሸረ ወደ ሬድውድ ክሪክ ወረደ፣ ወንዙ ዳር ያሉት ረጃጅም ዛፎችም አደጋ ላይ ወደቁ። ፓርኩን ለማስፋት ሐሳብ ሲቀርብ የእንጨት ሠራተኞቹ በ1977 ከትልቅ የሬድውድ ግንድ ኦቾሎኒ ቀርጸው በከባድ መኪና አገር አቋርጠው ዋሽንግተን ድረስ ወሰዱት፤ ፕሬዚዳንት ካርተር የኦቾሎኒ ገበሬ ስለነበሩ ነው። ስጦታው ተቀባይ አላገኘም፤ ተመልሶ ኦሪክ መንገድ ዳር ለዓመታት ተቀመጠ። በ1978 ፓርኩ በ48 ሺህ ኤከር ሰፋ፤ አብዛኛው ቀድሞ የተቆረጠ መሬት ነበር። ከዚያ ወዲህ የድሮውን የግንድ ማጓጓዣ መንገድ እያፈረሱ ተራራውን ወደ ቀድሞ መልኩ ለመመለስ እየተሠራ ነው።

ደኑ ዳነ፣ እኔም በእሱ እንጀራ እበላለሁ። ኦሪክ ግን ሥራዋን አጣች፤ ዛሬ ነዋሪዎቿ በመቶ የሚቆጠሩ ናቸው። እዚያ ሳልቆም አልፌ አላውቅም። ነዳጅም ይሁን ቡና ከዚያው እንገዛለን። እንግዶቼም እንዲያውቁት እፈልጋለሁ፤ በዛፍ ሲኖር የነበረ ሰው ዛፉ ሲጠበቅ የሚኖርበት ሌላ ነገር ያስፈልገዋል። አሁን ተስፋ የሚሰጥ ነገር አለ፤ ከከተማዋ አጠገብ የነበረው የድሮ እንጨት መሰንጠቂያ ቦታ ለዩሮክ ሕዝብ እንዲመለስ በ2024 ስምምነት ተፈርሟል። ዩሮኮች ከማንም በፊት በክላማዝ ወንዝና በዚህ ጠረፍ የኖሩ ናቸው። ቤታቸውን ከሬድውድ ሳንቃ ይሠሩ ነበር፤ ታንኳቸውንም ከአንድ ግንድ ሲፈለፍሉ ሕይወት እንዳለው ፍጥረት ልብ ይቀርጹለታል። ከአርኬታ ብዙም በማይርቀው ሱ-ሜግ ፓርክ የተሠራውን የመንደራቸውን አምሳያ ሳናይ አንመለስም።

ሁልጊዜ የሚመጣ ጥያቄ አለ፦ «የዓለም ረጅሙ ዛፍ የቱ ነው? ወደሱ ውሰደን።» ሃይፔሪየን ይባላል። ክሪስ አትኪንስና ማይክል ቴይለር የተባሉ ሰዎች በ2006 ያገኙት ሲሆን ቁመቱ 116 ሜትር ገደማ ነው። አልወስድም። ወደሱ የሚሄድ መንገድ የለም፤ ሰው በጥሻው ውስጥ እየጣሰ በመግባቱ ዙሪያው ያለው ፈርን ጠፋ፣ አፈሩም ተረገጠ። የሬድውድ ሥር ጥልቅ አይደለም፤ ከጥቂት ሜትር አያልፍም። የሚቆመው ወደ ጎን ሰፍቶ ከጎረቤቱ ሥር ጋር እየተጠላለፈ ስለሆነ መረገጡ ይጎዳዋል። ከ2022 ጀምሮ ቦታው ተዘግቷል፤ የገባ ሰው እስከ 5 ሺህ ዶላር ቅጣትና እስከ ስድስት ወር እስር ሊገጥመው ይችላል። ደግሞም ከሥሩ ቆሞ ጫፉ አይታይም፤ 90 ሜትር የሆነውና 116 ሜትር የሆነው ከታች ላየው አንድ ነው።

ከሁሉ በላይ የምጠነቀቀው በምግብ ጉዳይ ነው። እኛ ሽርሽር ስንወጣ ቤቱን ሁሉ ይዘን ነው የምንወጣው፤ እንጀራው፣ ዳቦው፣ ቆሎው፣ ቡናው። ይህ ደስ ይለኛል፣ አልከለክልም። ነገር ግን የምንበላው ለምግብ በተለየው ቦታ ብቻ ነው፤ ስንነሳም ጠረጴዛውንና መሬቱን ፍርፋሪ እስኪጠፋ እንለቅማለን። ማርብልድ መርሌት የምትባል ትንሽ የባሕር ወፍ አለች። ኑሮዋ ባሕር ላይ ነው፤ እንቁላል ለመጣል ግን ወደ ጥንታዊው ደን በርራ ከፍ ያለ ሰፊ ቅርንጫፍ ላይ፣ ሙስ መሐል፣ አንዲት እንቁላል ብቻ ትጥላለች። ጎጆዋ የት እንደሆነ ሳይንቲስቶች በዚህ በካሊፎርኒያ ያወቁት በ1974 ነው። ቁራዎችና ስቴለርስ ጄይ የሚባሉ ሰማያዊ ወፎች ሰው የጣለውን ፍርፋሪ ተከትለው ይመጣሉ፣ ይበዛሉ፣ ከዚያም ያችን አንዲት እንቁላል አግኝተው ይበላሉ። ይህን ለልጆች ስነግራቸው ከትልልቆቹ ቀድመው ይገባቸዋል። አንዲት ሕፃን ለአያቷ «እማማ፣ ቆሎው ወደቀ!» ብላ ጠረጴዛው ስር ገብታ ስትለቅም አይቻለሁ።

ለመሄድ ላሰባችሁ ጥቂት ነገር ልጨምር። ኦሪክን ካለፋችሁ ስልክ ብዙ ቦታ አይሠራም፤ ስለዚህ ካርታውን ቀድማችሁ አውርዱ፣ መገናኛ ሰዓትና ቦታም ተቀጣጠሩ። ግድግዳው ሁሉ ፈርን ወደሆነው ፈርን ካንየን በሰመር ለመግባት አስቀድሞ ቦታ ማስያዝ ግድ ነው፤ የረጃጅም ዛፎች ግሮቭ ወደሚባለው ለመሄድ ደግሞ በቀን ለ50 መኪና ብቻ ፈቃድ ይሰጣል። ሜዳ ላይ የሚግጡት ኤልክ የሚባሉ ትልልቅ አጋዘኖች እንደ ከብት የረጉ ቢመስሉም ከመኪና ወርዶ መጠጋት አደገኛ ነው።

በመጨረሻው ቀን ወደ ደቡብ ስንመለስ የግዙፎቹ ጎዳና ከሚባለው መንገድ ላይ ፋውንደርስ ግሮቭ እንቆማለን። እዚያ ዳየርቪል ጃይንት የሚባል ዛፍ ተጋድሟል። ቁመቱ 110 ሜትር ያህል ነበር፤ በመጋቢት እ.ኤ.አ. 1991 ወደቀ። ቆሞ ሳለ በእግር ሊለካ የማይችለውን አሁን አዛውንቶቹ ከሥሩ እስከ ጫፉ በእግራቸው እየተራመዱ ይለኩታል። «ይህን ያህል እንጨት ለምን አልተጠቀሙበትም?» ብለው የሚጠይቁኝ አሉ። ግንዱ ላይ የበቀሉትን ቡቃያዎች፣ ፈርኑንና እንጉዳዩን አሳያቸዋለሁ፤ ሙሉ በሙሉ እስኪበሰብስ ብዙ መቶ ዓመት እንደሚፈጅበትም እነግራቸዋለሁ። ከስድስት ሰዓት በፊት መኪና ውስጥ ከገባን ሳይመሽ ኦክላንድ እንገባለን።