ዘንዶ በየዓመቱ የሚገደልባት ከተማ

በአገራችን ክረምቱ በርትቶ ጉም ተራራውን በሚሸፍንበት በነሐሴ ወር አውሮፓውያን የበጋቸውን ፀሐይ ይሞቃሉ። በዚሁ ወራት በጀርመን አገር፣ በባቫርያ ምሥራቃዊ ዳርቻ፣ ከቼክ ወሰን አጠገብ ባለችው ፉርት ኢም ቫልት በምትባለው ትንሽ ከተማ አንድ ዘንዶ ይገደላል። በሚመጣውም ዓመት እንደገና ይገደላል። የከተማዋ ነዋሪ ዘጠኝ ሺህ ያህል ሲሆን፣ የጥንት ልብስ ለብሶ ለበዓሉ የሚሰለፈው ሰው ከአንድ ሺህ ይበልጣል። በዓሉም «ድራኽንሽቲኽ» ይባላል፤ ዘንዶን በጦር መውጋት ማለት ነው።

አንባቢዎቻችን ወዲያው ማንን እንደሚያስቡ እናውቃለን። ቅዱስ ጊዮርጊስ በነጭ ፈረስ ተቀምጦ ደራጎንን ሲወጋ በየቤተ ክርስቲያናችን ግድግዳ ላይ ሳያይ ያደገ ማን አለ? የፉርትም ዘንዶ የተወለደው ከዚሁ ታሪክ ነው። ስለ በዓሉ የሚናገረው የመጀመሪያው ጽሑፍ የ1590 ዓ.ም. ነው፤ የከተማው ሰዎች ግን ልማዱ ከአምስት መቶ ዓመት በላይ ነው ይላሉ። (እዚህ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በዚያን ጊዜ ዘንዶው የሚታየው የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ለቅዱስ ቁርባን ክብር በምታደርገው ታላቅ ዑደት ላይ ነበር። በእንጨትና በሸራ የተሠራውን አካል ሰዎች ከውስጡ ገብተው ያንቀሳቅሱታል፤ ደም የተሞላ ፊኛም በአፉ ውስጥ ይደበቃል። ፈረሰኛው በጦር ሲወጋው ደሙ ይፈሳል። ያን ጊዜ ሕዝቡ ተሻምቶ ደሙን በጨርቅ እየነከረ ይወስድና ተልባው እንዲያምርለት በእርሻው ላይ ያኖረዋል። እኛ ተልባን የምናውቀው በምግብነቱ ነው፤ ለእነርሱ ግን የልብሳቸው ክር የሚገኘው ከእርሱ ነበር።

ካህናቱ በዚህ ነገር አልተደሰቱም፤ ቢቈጡም አንፈርድባቸውም። ለቅዱስ ቁርባን ሊሰግድ የወጣው ሕዝብ ዓይኑን ከዘንዶው ላይ አያነሣም ነበርና። በመጨረሻም በ1878 ዘንዶው ከዑደቱ እንዲወጣ ተደረገ። የሚደንቀው ከዚህ በኋላ የሆነው ነው። ከቤተ ክርስቲያን የተባረረ በዓል ይጠፋል ብሎ የጠበቀ ሰው ቢኖር ተሳስቷል። የከተማው ሕዝብ ዘንዶውን ለራሱ ወሰደው፤ በዓሉም በኦገስት ወር የሚደረግ፣ በሜዳ የሚታይ ቴአትር ሆነ። በቅዱስ ጊዮርጊስም ፈንታ ኡዶ የሚባል ባላባት ተተካ።

የቴአትሩ ታሪክ የሚያወሳው በ1431 ስለ ነበረው ጦርነት ነው። የቦሄምያው ሰባኪ ያን ሁስ በ1415 በእሳት ከተቃጠለ በኋላ ተከታዮቹ መሣሪያ አንሥተው ነበር። እነርሱን ለመደምሰስ የተላከው ታላቅ የመስቀል ጦር፣ ፉርት ካለችበት የደን ተራራ ማዶ፣ ዶማዥሊትሴ ላይ ደረሰ። የሁስ ወገኖች እየዘመሩ ሲመጡ ድምፃቸውን ገና ከሩቅ እንደ ሰማ ተበተነ ይባላል። የጳጳሱ መልእክተኛ ካርዲናል ቼዛሪኒም ባርኔጣውን ሳይቀር ጥሎ አመለጠ።

እንግዲህ ይህች ከተማ በየዓመቱ የምታስታውሰው ከጎረቤቷ ጋር የነበረውን ጠብ ነው። ለወሰን ከተማ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ፣ በ1946፣ ከቼኮዝሎቫኪያ የተባረሩ ብዙ ጀርመናውያን ወደ ባቫርያ የገቡት በፉርት በኩል ነበር። ጥቂት ዓመታት ቈይቶም ወሰኑ በሽቦ ታጠረ። ዮሴፍ ማርቲን ባወር የተባለው ደራሲ ለበዓሉ አዲስ ቴአትር የጻፈው በዚህ ጊዜ፣ በ1952 ነው። ይኸው ሰው ከሳይቤርያ ስላመለጠ ምርኮኛ በጻፈው ልብ ወለድ የታወቀ ነው። የእርሱ ቴአትር እስከ 2006 ድረስ ታይቷል፤ ከ2007 ጀምሮ ሌላ ተተክቷል። በዚህ መካከል ሽቦው ፈርሷል፤ በ2007 መጨረሻም በወሰኑ ላይ የነበረው የፓስፖርት ምርመራ ቀረ። ዛሬ የቼክ ሰው በዓሉን ለማየት ቢፈልግ የሚከለክለው የለም።

ዘንዶውም ቢሆን እንደ ዘመኑ ተለውጧል። ሸራውና እንጨቱ ቀርቶ በመንኰራኩር የሚሄድ ዘንዶ መጣ። ከ2010 ወዲህ ያለው ደግሞ ትራዲኖ የሚባል በአራት እግሩ የሚራመድ መኪና ነው፤ ስሙም «ትውፊት» እና «አዲስ ፈጠራ» የሚሉትን ሁለት ቃላት ያጣመረ ነው። ርዝመቱ ከ15 ሜትር በላይ፣ ክብደቱ 11 ቶን ነው። በሆዱ የናፍጣ ሞተር አለ፤ ክንፉን ይዘረጋል፣ ከአፉም እሳት ይተፋል። የሚመሩት ሰዎች ከሩቅ ሆነው ነው። የጊነስ የክብረ ወሰን መዝገብም በዓለም ካሉት ተራማጅ ሮቦቶች ትልቁ ብሎ መዝግቦታል።

በእኛ አስተያየት ግን ከመኪናው ይልቅ የሚያስደንቀው ሌላ ነው። ባላባቱንና እመቤቲቱን የሚጫወቱት ከከተማው ወጣቶች የሚመረጡ ሁለት ሰዎች ናቸው፤ በየዓመቱም ይለወጣሉ። የተመረጠው ወጣት በፈረስ ተቀምጦ፣ እሳት በሚተፋ ባለ 11 ቶን ፍጥረት ፊት፣ ጦሩን ከአፉ ማግባት አለበት። ይህን ሞተር አይሠራለትም።

ጦሩ ሲያገኘው ደሙ እንደ ድሮው ይፈሳል፤ ዛሬ ግን የተቀመመ ቀለም ነው። በዓሉ ካለፈ በኋላ ትራዲኖ ወደ ማደሪያው ይመለሳል፤ የመግቢያ ዋጋ የከፈለ ሰው ሁሉ እዚያ ሄዶ ሊያየው ይችላል።