ከአየር ሙቀት ቀድቶ ውኃ ስለሚያሞቀው መሣሪያ

ሐሙሲት ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ ያለች፣ ስሟ ራሱ ሐሙስን የሚያስጠራ የገበያ ከተማ ናት። በዚህች ከተማም ሆነ በሌሎቹ የጣና ዳር ከተሞች ገላ መታጠቢያ ያለው ቤት የሠራ ሰው የውኃ ማሞቂያ ሲጠይቅ፣ ነጋዴው አብዛኛውን ጊዜ የሚያቀርብለት ቦይለር ነው፤ ከጣራ ላይ የሚተከለውም የፀሐይ ማሞቂያ እየታወቀ ሄዷል። ከሁለቱ የተለየ ሦስተኛ ዐይነት መሣሪያ አለ፤ ይኸውም ሂት ፓምፕ፣ በአማርኛ የሙቀት ፓምፕ የሚባለው ነው። ይህን ዕቃ አስመጥቶ ለመሸጥ የሚያስብ ነጋዴ ገንዘቡን ከማውጣቱ አስቀድሞ የመሣሪያውን አሠራር፣ የሚያድነውን የኤሌክትሪክ መጠን፣ የሚጠቅመውንና የማይጠቅመውንም ደንበኛ ለይቶ ማወቅ ይገባዋል።

አሠራሩ

የደራና የፎገራ ገበሬ ከጉማራ ወንዝ ውኃ ስቦ ማሳውን ለማጠጣት የሞተር ፓምፕ ይገዛል። ፓምፑ ውኃ አይፈጥርም፤ ውኃው ከወንዙ አለ፤ የነዳጁ ዋጋ የሚከፈለው ውኃውን ከዝቅተኛው ስፍራ ወደ ከፍተኛው ለማውጣት ብቻ ነው። የሙቀት ፓምፕም ሥራው እንደዚሁ ነው። ሙቀት በጠባዩ ከሞቀው ወደ ቀዘቀዘው ይሄዳል እንጂ ከቀዘቀዘው ወደ ሞቀው በራሱ አይወጣም፤ መሣሪያው ግን በአየር ውስጥ ያለውን ሙቀት እየሳበ ከአየሩ ይልቅ ወደ ሞቀው ውኃ ያወጣዋል። ቦይለር በአንጻሩ ሙቀቱን በሬዚስታንስ ራሱ ስለሚያመነጭ፣ ከወሰደው ኤሌክትሪክ የበለጠ ሙቀት ሊሰጥ አይችልም።

ፍሪጅ የሚሸጥ ነጋዴ ለነገሩ እንግዳ አይደለም። ፍሪጅ በውስጡ ካለው ምግብና መጠጥ ሙቀቱን ወስዶ በስተኋላው ይጥለዋል። በሙቀት ፓምፕ ዘንድ ደግሞ ማራገቢያው አየሩን በቱቦዎች ላይ ያነፍሳል፤ በቱቦዎቹ ውስጥ ያለው እጅግ ቀዝቃዛ ፈሳሽ ከአየሩ ሙቀት ወስዶ ጋዝ ይሆናል፤ ጋዙን ኮምፕሬሰር ሲጨምቀው በጣም ይሞቃል፤ የሞቀውም ጋዝ ሙቀቱን በበርሜሉ ላለው ውኃ አስረክቦ እንደገና ፈሳሽ ይሆናል፤ በመጨረሻም በጠባብ ቀዳዳ ሲያልፍ ግፊቱ ቀንሶ ይቀዘቅዝና ወደ መጀመሪያው ስፍራ ይመለሳል።

አሳቡ አዲስ አይደለም። የብሪታንያው ሊቅ ሎርድ ኬልቪን እ.ኤ.አ. በ1852 መንገዱን አመልክቷል፤ በ1938 በስዊስ አገር የዙሪክ ማዘጋጃ ቤት ከሊማት ወንዝ በተሳበ ሙቀት መሞቅ ጀምሯል፤ ጃፓኖችም በ2001 ኢኮኪዩት የተባለውን የቤት ውኃ ማሞቂያ ለገበያ አቅርበዋል።

የሚያድነው ኤሌክትሪክ

100 ሊትር ውኃን ከ20 ወደ 50 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ለማድረስ 3.5 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ሙቀት ያስፈልጋል። ቦይለር ይህን ሁሉ ከቆጣሪው ይወስዳል። አንድ እጅ ኤሌክትሪክ ወስዶ ሦስት እጅ ሙቀት የሚሰጥ የሙቀት ፓምፕ ግን 1.2 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ይበቃዋል፤ የቀረውን ከአየር ያገኘዋል። ልዩነቱ በቀን 2.3፣ በዓመት 840 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ይሆናል።

አየሩ በሞቀ መጠን የፓምፑ ድካም ስለሚያንስ የጣና ዳር የአየር ጠባይ ለመሣሪያው የተስማማ ነው። ይሁን እንጂ የሐይቁ ዳርቻ ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ያህል ከፍታ ስላለው አየሩ ሳሳ ያለ ነው፤ ስለዚህ መሣሪያው በፋብሪካው ወረቀት ላይ ከተጻፈው ጥቂት ቀንሶ ሊሠራ ይችላል።

ጢስ ዓባይ እ.ኤ.አ. ከ1964 ጀምሮ ኤሌክትሪክ ሲያመነጭ፣ 460 ሜጋዋት ያለው ጣና በለስ በ2010 ሲጨመር፣ ታላቁ የሕዳሴ ግድብም ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ሲመረቅ፣ ቁጠባ ለምን ያስፈልጋል የሚል ይኖራል። መልሱ ሁለት ነው። አንደኛ፤ የኤሌክትሪክ ታሪፍ ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ወዲህ ደረጃ በደረጃ እንዲጨምር ተደርጓል። ሁለተኛ፤ ቦይለር በአንድ ጊዜ ከ1,500 እስከ 2,000 ዋት ሲስብ ብዙዎቹ የቤት ሙቀት ፓምፖች የሚስቡት 500 ዋት ያህል ነው፤ ይህም ምሽት ላይ ለሚጨናነቅ መስመር ትልቅ እፎይታ ነው።

ለማን ይሸጣል?

የሙቀት ፓምፕ ከቦይለር ይልቅ ውድ ነው፤ ዋጋውን የሚመልሰውም በየቀኑ ብዙ ሙቅ ውኃ በሚፈስበት ስፍራ ነው። በቀን 1,000 ሊትር የሚያሞቅ ሆቴል ከላይ የተቆጠረውን ዐሥር እጥፍ ያድናል። በሳምንት አንድና ሁለት ጊዜ ብቻ ለሚታጠብ አነስተኛ ቤተሰብ ግን ቦይለር ይበቃዋል። ጣራው ፀሐይ ለሚያገኝ ደንበኛም የፀሐይ ማሞቂያ በበጋ ያለ ኤሌክትሪክ እንደሚሠራ ሊነገረው ይገባል፤ የሙቀት ፓምፕ ብልጫው በክረምት ደመናና በሌሊት ነው። ሐቀኛ ነጋዴ የደንበኛውን የወር ሒሳብ አይቶ፣ የሚድነውን ኪሎዋት ሰዓት በታሪፉ አባዝቶ፣ ከዋጋው ልዩነት ጋር ያስተያያል።

አስመጪው የሚጠነቀቅበት

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ፣ ያለ ጥንቃቄ የገባ ዕቃ የሚያስከትለው ኪሳራ ከፍ ያለ ነው። ስለዚህ መሣሪያው ለ220 ቮልትና ለ50 ኸርዝ የተሠራ መሆኑ ይረጋገጥ፤ ለ60 ኸርዝ ብቻ የተሠራው ለኢትዮጵያ አይሆንም። የኤሌክትሪኩ ጉልበት ከፍ ዝቅ ሲል ኮምፕሬሰር ስለሚጎዳ ስታቢላይዘር አብሮ ይቅረብ። የጋዙ ዐይነት ይጠየቅ፤ ፕሮፔን የከባቢ አየርን እምብዛም ባይጎዳም ተቀጣጣይ ስለሆነ የሠለጠነ እጅ ይሻል። ከጅቡቲ ወደብ እስከ ሐሙሲት በሚደረገው ጉዞም ዕቃው ቆሞ እንጂ ተጋድሞ አይጫን፤ ዘይቱ ከኮምፕሬሰሩ ሊወጣ ይችላልና።

ከሁሉ በላይ ግን ጠጋኝ የሌለው ዕቃ አይሸጥ። መሣሪያው በአሠራሩ የፍሪጅ ወንድም ስለሆነ፣ ፍሪጅ የሚጠግን ባለሙያ ጥቂት ቢማር ሊጠግነው ይችላል፤ በባሕር ዳርም እ.ኤ.አ. በ1963 በፖሊቴክኒክ የተጀመረው የቴክኒክ ትምህርት ዛሬም በዩኒቨርሲቲው ቀጥሏል። መለዋወጫውንና ባለሙያውን አስቀድሞ ያዘጋጀ ነጋዴ በአንድ ዕቃ ብዙ ደንበኛ ያፈራል፤ ሳያዘጋጅ የሸጠ ግን በመጀመሪያው ብልሽት ስሙን ያጣል። ከመጠምጠም መማር ይቅደም እንደተባለ፣ ከማስመጣትም ማወቅ ይቅደም።