የትኛውን የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ቅዱስ እንምረጥ?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የተወደዳችሁ እኅቶቻችን፣ ከቅዳሴ በኋላ አንዲት እኅት በስጦታ ያገኘችውን የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ቅዱስ ይዛ መጣች። «ዲያቆን፣ ማታ ማታ የምደግመውን 90ኛውን መዝሙር በዚህ ብፈልገው ሌላ ሆኖ አገኘሁት። መጽሐፈ ሄኖክም የለበትም። መጽሐፉን የሰጠችኝ ልጅ ደግሞ ‹ቤተ ክርስቲያናችሁ ጨምራ ነው› አለችኝ። የተሳሳተው የእኔ ነው ወይስ ይሄ?» ብላ ጠየቀችኝ። ልቧ ተጨንቆ ነበር። ጥያቄዋ የብዙዎቻችሁ ስለሆነ በአጭሩ እንመልከተው።

1. የመዝሙሩ ቁጥር ለምን ተለያየ?

በቤተ ክርስቲያናችን የመዝሙረ ዳዊት አቆጣጠር ሰብዓ ሊቃናት ወደ ግሪክ የተረጎሙትን ይከተላል። አብዛኞቹ የእንግሊዝኛ ትርጉሞች ግን የዕብራይስጡን ይከተላሉ። በዕብራይስጡ የእኛ 9ኛው መዝሙር ለሁለት ስለተከፈለ፣ ከዚያ በኋላ አብዛኛው በአንድ ቁጥር ይበልጣል። የእኛን 50ኛ በ51፣ 90ኛውን በ91 ፈልጉት። ከ148 ጀምሮ ቁጥሩ እንደገና ይገጥማል። መዝሙሩ ያው ነው።

2. የጎደሉትስ መጻሕፍት?

ቤተ ክርስቲያናችን 81 መጻሕፍትን ትቀበላለች። በብዛት የሚሸጡት የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ቅዱሶች 66 ብቻ ናቸው። ነገር ግን ታዋቂው ኪንግ ጄምስ እ.ኤ.አ. በ1611 መጀመሪያ ሲታተም ጦቢትን፣ ዮዲትንና ሲራክን የመሳሰሉ መጻሕፍት በብሉይና በሐዲስ መካከል ለብቻቸው ተቀምጠው ነበር። በኋላ ያሳተሙት ናቸው ያስቀሩአቸው። ስለዚህ «ጨመራችሁ» ለሚል ሰው ይህን በትሕትና መንገር ይቻላል።

ስትገዙ ሽፋኑ ላይ «አፖክሪፋ» ወይም «ዲውተሮካኖኒካል» የሚል ቃል መኖሩን እዩ። እነዚህም ቢሆኑ ሄኖክንና ኩፋሌን አይዙም። በእንግሊዝኛው የምታገኙት «ማካቢስ»ም ከእኛ መጽሐፈ መቃብያን ጋር ስሙ ይመሳሰላል እንጂ ሌላ መጽሐፍ ነው። እነዚህን በአማርኛችን እናንብብ።

3. ትርጉሞቹ እንዴት ይለያያሉ?

ኪንግ ጄምስ፦ ቋንቋው ያማረ ቢሆንም ያረጀ ነው። ለምሳሌ «ሳፈር» የሚለው ቃል በዛሬው እንግሊዝኛ መሠቃየት ነው፤ በዚያ መጽሐፍ ግን ብዙ ጊዜ «ፍቀዱ፣ ተዉ» ማለት ነው። እንግሊዝኛ ለመማር የሚያነብብ ሰው ይሳሳትበታል።

ኒው ኪንግ ጄምስ (1982 እ.ኤ.አ.)፦ ያንኑ በዛሬ ቋንቋ ያቀረበ ነው። አብዛኛው እትም 66 መጻሕፍት ብቻ ይዟል።

ኒው ኢንተርናሽናል (1978 እ.ኤ.አ.)፦ ለማንበብ ይቀላል። ሆኖም ማቴዎስ ምዕራፍ 17ን ስታነቡ ከቁጥር 20 ወደ 22 ይዘልላል። ስለ ጾምና ጸሎት የሚናገረው ቁጥር 21 ወደ ግርጌ ወርዷል፤ ተርጓሚዎቹ በአንዳንድ ጥንታዊ የግሪክ ቅጂዎች ውስጥ ስላላገኙት ነው። ግርጌውን ሳታዩ አትለፉ።

ጉድ ኒውስ (1976 እ.ኤ.አ.)፦ ቃላቱ ቀላል ስለሆኑ ለጀማሪ ይመቻል። ነገር ግን ሐሳቡን እንጂ ቃል በቃል ስለማይተረጉም ለጥልቅ ጥናት ብቻውን አይበቃም።

ኦርቶዶክስ ስተዲ ባይብል (2008 እ.ኤ.አ.)፦ ብሉይ ኪዳኑ የሰብዓ ሊቃናትን ትርጉም ይከተላል፤ የመዝሙሩ ቁጥርም ከእኛ ጋር ይስማማል። ማብራሪያውን የጻፉት ግን የምሥራቅ ኦርቶዶክሳውያን ናቸው። ስለ ክርስቶስ ባሕርይ የሚናገረውን ስታነቡ አባቶችን ጠይቁ።

ኒው ወርልድ ትራንስሌሽን፦ የይሖዋ ምስክሮች ትርጉም ነው፤ በነፃ ይታደላል። በዮሐንስ ወንጌል መጀመሪያ ላይ የቃልን አምላክነት ዝቅ አድርጎ ስለሚተረጉም ለሃይማኖት ትምህርት አንጠቀምበትም።

4. እንግዲህ ምን እናድርግ?

እንግሊዝኛችሁ ገና ከሆነ በጉድ ኒውስ፣ ከበረታችሁ በኒው ኪንግ ጄምስ ጀምሩ። 16 ምዕራፍ ብቻ ያለው የማርቆስ ወንጌል ለመጀመሪያ ጥሩ ነው። የቻለች ኦርቶዶክስ ስተዲ ባይብልን ትያዝ። ለዚህ ብላችሁ ለቤተሰብ የምትልኩትን ገንዘብ አትንኩ፤ በስልክ በነፃ የሚነበቡ አሉና።

አማርኛውን ግን ከጎናችሁ አታርቁ። በሉቃስ 22፥31-32 ጌታ ሰይጣን ሐዋርያትን ሁሉ እንደፈለጋቸው ተናግሮ፣ ቀጥሎ ለጴጥሮስ ብቻ «ስለ አንተ» ይላል። የዛሬው እንግሊዝኛ ለ«እናንተ»ም ለ«አንተ»ም «ዩ» ስለሚል ልዩነቱ ይጠፋል። አማርኛችን ግን ለይቶ ያሳያል።

ያቺ እኅታችን መጽሐፏን አልጣለችም። በ91ኛው መዝሙር ራስጌ በእርሳስ «90» ብላ ጻፈችበት። አሁን ማታ ማታ በሁለቱም ቋንቋ ትደግመዋለች።

የእግዚአብሔር ቸርነት፣ የእመቤታችን አማላጅነት አይለየን። በያላችሁበት ይጠብቃችሁ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።