ተጨማሪ መረጃ፦ የሰመመን ባለሙያዎች ቁጥርና የሥራ ጫና

ቀዶ ሕክምና ሲነሳ ቶሎ የሚታወሰው ቀዳጁ ሐኪም ነው። ታካሚውን አደንዝዞ፣ እስትንፋሱንና የልብ ምቱን እየተከታተለ በሰላም የሚያነቃው ግን የሰመመን ባለሙያው ነው። በአዲስ አበባው አለርት ሆስፒታልም ሆነ በሩቅ ወረዳ ኃላፊነቱ ያው ነው። በኢትዮጵያ የመንግሥት ሆስፒታሎች ይህን ሥራ በአብዛኛው የተሸከሙት በሙያው የሠለጠኑ አንስቴቲስቶች እንጂ ስፔሻሊስት ሐኪሞች አይደሉም።

የዓለም የሰመመን ሐኪሞች ማኅበራት ፌዴሬሽን ለ100,000 ሰው ቢያንስ 5 የሰመመን ሐኪም እንዲኖር ይመክራል። ከ100 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ላላት አገራችን ይህ ከ5,000 በላይ ሐኪም ማለት ነው፤ ያለን ከዚህ እጅግ ያነሰ ነው።

ጫናውን በአገር ደረጃ ለማጥናት ግን ባለሙያ መቁጠር ብቻ አይበቃም። የቀዶ ሕክምና መዝገብ ተገልጦ ስንቱ በድንገተኛ፣ ስንቱ በቀጠሮ፣ ስንቱ በሌሊት እንደተሠራና ስንት ተረኛ እንደነበረ መታየት አለበት። የሌሊቱ ተረኛ አንድ ብቻ በሆነበት ሆስፒታል፣ ምጥ የጠናባት እናትና በመኪና አደጋ የተጎዳ ሰው እኩል ቢደርሱ አንዳቸው መጠበቃቸው ነው፤ አማካይ ቁጥር ይህን ይሸፍነዋል። ጉዳዩ ግን ጭራሽ የተዘነጋ አይደለም፤ ጤና ሚኒስቴር ቀዶ ሕክምናን ለማስፋፋት የጀመረው ብሔራዊ መርሐ ግብር የሰመመን አገልግሎትንም አካትቷል።