የእባብ ማቆያ ሙቀትና እርጥበት

የእባብ ማቆያ ሙቀትና እርጥበት ሲባል በቤት፣ በመካነ እንስሳት ወይም በምርምር ጣቢያ ለሚኖር እባብ በማቆያ ሳጥኑ ውስጥ የሚዘጋጀው የአየር ሁኔታ ማለት ነው። እባብ እንደ ዶሮ ወይም እንደ ላም ሰውነቱን የሚያሞቅበት በቂ ሙቀት ከውስጡ አያመነጭም፤ የሰውነቱ ሙቀት በዙሪያው ያለውን አየርና የተኛበትን ወለል ይከተላል። ስለዚህ ማቆያው አንድ ወጥ ሙቀት ሳይሆን ሞቃት ጎንና ቀዝቃዛ ጎን ሊኖረው ይገባል። እንደ ዓለም ገና፣ ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ ባሉት በአዲስ አበባ ዙሪያ የሚገኙ ደጋማ ከተሞች ዋናው ችግር የሌሊት ብርድ ነው። ብርዱን ለመከላከል ሳጥኑን ማሞቅ ደግሞ አየሩን ስለሚያደርቅ ሙቀትና እርጥበት ተለያይተው አይታዩም።

ሙቀት ለእባብ ያለው ጥቅም

እባብ የዋጠውን የሚፈጨው፣ በሽታን የሚቋቋመውና እንደ ልብ የሚንቀሳቀሰው ሰውነቱ በቂ ሙቀት ሲያገኝ ነው። ከበላ በኋላ ብርድ ላይ የቆየ እባብ የዋጠው አይጥ ሳይፈጭ በሆዱ ውስጥ ሊበሰብስ ይችላል፤ ብዙ ጊዜም መልሶ ይተፋዋል። ብርዱ ለሳምንታት ከቀጠለ እባቡ ለሳንባ ምች ይጋለጣል። ምልክቶቹም አፍ ከፍቶ መተንፈስ፣ ከአፍና ከአፍንጫ ዝልግልግ ፈሳሽ መውጣትና በሚተነፍስበት ጊዜ ድምፅ ማሰማት ናቸው።

ከመጠን ያለፈ ሙቀት ግን ከብርድ ይልቅ ፈጥኖ ይገድላል። ብርድ እባቡን ቀስ በቀስ ሲያዳክም፣ ፀሐይ ላይ የተተወ የመስታወት ሳጥን ግን በአጭር ጊዜ ውስጥ ሊገድለው ይችላል።

እባብ ሙቀት አያመነጭም የሚለው ደንብ የታወቀ ልዩ ሁኔታ አለው። የሕንድ ዘንዶ እንስት እንቁላሏን ታቅፋ ጡንቻዎቿን በማንቀጥቀጥ ሙቀት ትፈጥራለች። ይህም በኒው ዮርክ መካነ እንስሳት በነበረች ዘንዶ ላይ ተለክቶ እ.ኤ.አ. በ1966 በ«ሳይንስ» መጽሔት ታትሟል። ሆኖም ይህ የሚሆነው እንቁላል በሚታቀፍበት ጊዜ ብቻ ነው።

የቆላና የደጋ እባቦች

ተስማሚው ሙቀትና እርጥበት እንደ እባቡ ዝርያና እንደ ትውልድ ቦታው ይለያያል። በውጭ አገር አሳዳጊዎች ዘንድ በተለምዶ የሚሠራባቸው መጠኖች የሚከተሉት ናቸው።

- ንጉሣዊ ዘንዶ (የምዕራብና የመካከለኛው አፍሪካ)፦ ሞቃት ጎን ከ31 እስከ 33 ዲግሪ ሴልሺየስ፣ ቀዝቃዛ ጎን ከ24 እስከ 27 ዲግሪ፣ እርጥበት ከ55 እስከ 70 በመቶ።
- የበቆሎ እባብ (የሰሜን አሜሪካ)፦ ሞቃት ጎን ከ29 እስከ 31 ዲግሪ፣ ቀዝቃዛ ጎን ከ22 እስከ 25 ዲግሪ፣ እርጥበት ከ40 እስከ 60 በመቶ።

በኢትዮጵያም ልዩነቱ ጎልቶ ይታያል። በቆላማ አካባቢዎች ወንዝና ረግረግ ዳር የሚኖረው የአፍሪካ ዘንዶ ሙቀት የለመደ እንስሳ ነው። በሌላ በኩል በኢትዮጵያ ብቻ የሚገኘውና እ.ኤ.አ. በ1977 ጀርመናዊው ተመራማሪ ቮልፍጋንግ ቦመ ሳይንሳዊ ስም የሰጠው ቢቲስ ፓርቪኦኩላ የተባለው እፉኝት የሚኖረው በደጋ ደኖች ውስጥ ነው። ለቆላ ዘንዶ የተዘጋጀ ሳጥን ለዚህ እፉኝት ከመጠን በላይ ይሞቃል። እፉኝቱ መርዛማ በመሆኑ አያያዙ ለሠለጠኑ ባለሙያዎች ብቻ የሚተው ነው።

ሞቃት ጎንና ቀዝቃዛ ጎን

እባብ በዱር ሕይወቱ ሲበርደው ወደ ፀሐይ ይወጣል፣ ሲሞቀው ወደ ጥላ ወይም ወደ ጉድጓድ ይገባል። ማቆያው ይህን ምርጫ እንዲሰጠው ማሞቂያው በሳጥኑ አንድ ጫፍ፣ ከጠቅላላው ስፋት አንድ ሦስተኛ ያህሉን ብቻ እንዲያሞቅ ይደረጋል። መደበቂያ ግን በሁለቱም ጎን ያስፈልጋል። መደበቂያው በቀዝቃዛው ጎን ብቻ ከሆነ፣ የፈራ እባብ እየበረደውም ቢሆን ከዚያ ላይወጣ ይችላል።

ለማሞቂያነት ከሳጥኑ ሥር የሚነጠፍ የኤሌክትሪክ ምንጣፍ ወይም ብርሃን የማይሰጥ የሴራሚክ አምፖል ያገለግላል። አምፖል እባቡ እንዳይጠመጠምበት በሽቦ መረብ ይከለላል። እባብ ከሆዱ በታች ያለው ነገር እየለበለበውም ቢሆን ሳይነሳ ሊቆይ ስለሚችል፣ መቆጣጠሪያ የሌለው የወለል ማሞቂያ ብዙ ጊዜ የቃጠሎ ቁስል ያስከትላል።

መቆጣጠሪያው ቴርሞስታት ይባላል። ቀላሉ ዓይነት ሙቀቱ ከተወሰነው በታች ሲወርድ ማሞቂያውን ያበራል፣ ከላይኛው ወሰን ሲያልፍ ያጠፋል። ቴርሞስታቱ የሚያውቀው ዳሳሹ ያለበትን ቦታ ሙቀት ብቻ ነው። ዳሳሹ ተነቅሎ ወደ ቀዝቃዛው ጎን ቢወድቅ መሣሪያው «ገና አልሞቀም» በሚል ስሌት ማሞቂያውን ሳያቋርጥ ያሠራዋል፣ ሞቃቱ ጎንም ይጋያል። ስለዚህ ዳሳሹ እባቡ ሊያንቀሳቅሰው በማይችል መንገድ ይታሰራል፤ ሙቀቱም በሌላ ቴርሞሜትር ይረጋገጣል።

እርጥበት

አንጻራዊ እርጥበት በአየር ውስጥ ያለው ተን አየሩ በዚያ ሙቀት ሊይዝ ከሚችለው ከፍተኛ መጠን ጋር ሲነጻጸር የሚገኘው መቶኛ ነው። አየር ሲሞቅ ሊይዝ የሚችለው ተን ስለሚጨምር፣ ውሃ ሳይጨመርበት የሞቀ አየር አንጻራዊ እርጥበቱ ይቀንሳል። ለምሳሌ 8 ዲግሪ ሙቀትና 80 በመቶ እርጥበት ያለው የሌሊት አየር ወደ ሳጥን ገብቶ 30 ዲግሪ ቢሞቅ እርጥበቱ ወደ 20 በመቶ ገደማ ይወርዳል። ይህ ከላይ ለተጠቀሱት ዝርያዎች ሁሉ እጅግ ደረቅ ነው።

የድርቀት ጉዳት በይበልጥ የሚታየው እባቡ ገለፈቱን በሚጥልበት ጊዜ ነው። ጤናማ እባብ ገለፈቱን እንደ ካልሲ ገልብጦ በአንድ ወጥ ያወልቀዋል። አየሩ ደረቅ ሲሆን ገለፈቱ እየተቆራረጠ ይቀራል። በዓይን ላይ የቀረ ገለፈት እይታን ይጋርዳል፤ በጅራት ጫፍ ዙሪያ የቀረው ደግሞ የደም ዝውውርን አጥብቆ ጫፉን ሊያደርቀው ይችላል። የተጣበቀ ገለፈት በእጅ አይነጨም፤ እባቡን ለብ ባለ እርጥብ ጨርቅ ላይ ማቆየት ያለሰልሰዋል።

እርጥበትን ለመጨመር ሰፊ የውሃ ሳህን ወደ ሞቃቱ ጎን ይጠጋል፣ ከላይ ያለው የአየር ቀዳዳም በከፊል ይሸፈናል። ከዚህ በተጨማሪ እርጥብ ጨርቅ ወይም ሽበት የተነጠፈበት ትንሽ መደበቂያ ይዘጋጃል። ወለሉን በሙሉ ማራስ ግን አይመከርም፤ ሁልጊዜ ርጥብ ወለል ላይ የሚተኛ እባብ ሆዱ ላይ ያለው ቅርፊት ይቆስላል። ለንጣፍ ንጹሕ ወረቀት ይበቃል። እንደ ጥድ ካሉ ጠንካራ ሽታ ካላቸው ዛፎች የተገኘ ሰጋቱራ መተንፈሻ አካልን ስለሚጎዳ አይመረጥም።

በዓለም ገናና አካባቢው

ሰበታና ዓለም ገና ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር በላይ፣ ሱሉልታ ደግሞ ከ2,500 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ይገኛሉ። በኅዳርና በታኅሣሥ ሰማዩ ጥርት ብሎ ስለሚያድር የሌሊቱ ሙቀት ከ10 ዲግሪ በታች መውረዱ የተለመደ ነው። በዚህ ወቅት ማቆያው ብርድና ድርቀት አንድ ላይ ይገጥሙታል። በክረምት ግን ችግሩ ይገለበጣል፤ የውጭው አየር እርጥብ ስለሆነ የተሸፈነው ቀዳዳ ካልተከፈተ ሳጥኑ ይሻግታል። አንድ ዓይነት አሠራር ዓመቱን ሙሉ አያገለግልም።

በክረምትም በበጋም የመብራት መቋረጥ ተጨማሪ ፈተና ነው። በኢትዮጵያ ጫጩት ያለ ኤሌክትሪክ ለማሳደግ የጭድ ሳጥን ጥቅም ላይ ውሏል። ጭዱ ጫጩቶቹ ራሳቸው የሚያመነጩትን ሙቀት ይዞ ያቆያል። ይህ ዘዴ ለእባብ ብቻውን አይበቃም፤ እባብ የሚያቆየው የራሱ ሙቀት የለውምና ጭዱ ሳጥኑ የሚቀዘቅዝበትን ፍጥነት ከማዘግየት አልፎ አያሞቀውም። ስለዚህ የሙቀት ምንጭ አብሮ ያስፈልጋል። ሁለት ሊትር ውሃ ከ40 ወደ 30 ዲግሪ ሲቀዘቅዝ 84 ኪሎጁል ያህል ሙቀት ይለቃል፤ ይህም ባለ 20 ዋት ማሞቂያ በ70 ደቂቃ ከሚሰጠው ጋር እኩል ነው። ሳጥኑን በብርድ ልብስ ሸፍኖ፣ አየር ማስገቢያውን ክፍት ትቶ፣ በጨርቅ የተጠቀለለ የሞቀ ውሃ ጠርሙስ እያፈራረቁ ማስገባት ሌሊቱን ለማሳለፍ ይረዳል። የከሰል ምድጃ በዝግ ክፍል ማንደድ ግን ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለ ሽታ የሌለው መርዛማ ጋዝ ስለሚያወጣ ሰውንም እባቡንም ይገድላል።

አለካክ

ቢያንስ ሁለት ቴርሞሜትር፣ አንድ በሞቃቱ ሌላው በቀዝቃዛው ጎን፣ እባቡ በሚተኛበት ከፍታ ላይ ይቀመጣሉ። ሳጥኑ ባዶውን ለጥቂት ቀናት ተሞክሮ በተለይ የንጋት ሙቀት ይመዘገባል፤ እባቡ የሚገባው ልኬቱ ከረጋ በኋላ ነው።

የእርጥበት መለኪያ ወይም ሃይግሮሜትር ትክክለኛነት በገበታ ጨው ሊፈተሽ ይችላል። በትንሽ ክዳን ጨው አድርጎ እንደ ሊጥ እስኪሆን በጥቂት ውሃ ማራስና ከመለኪያው ጋር በታሸገ ዕቃ ውስጥ ለአንድ ቀን ያህል ማቆየት ያስፈልጋል። በዕቃው ውስጥ ያለው እርጥበት 75 በመቶ ላይ ይረጋል። መለኪያው 68 ቢያሳይ 7 ዝቅ አድርጎ እያነበበ ነው ማለት ነው።

ሕግ

በኢትዮጵያ የዱር እንስሳት አያያዝ በአዋጅ ቁጥር 541/1999 የሚገዛ ሲሆን፣ የዱር እንስሳን ያለ ፈቃድ ማጥመድም ሆነ ይዞ ማቆየት ክልክል ነው። ፈቃድ የሚሰጠው የዱር እንስሳት ባለሥልጣን በአዋጅ ቁጥር 575/2000 ተቋቁሟል። አገሪቱ እ.ኤ.አ. ከ1989 ጀምሮ አባል የሆነችበት ሳይተስ የተባለው ዓለም አቀፍ ስምምነትም የአፍሪካ ዘንዶን ንግድ በቁጥጥር ሥር ከሚያደርጋቸው እንስሳት መካከል መዝግቦታል። ስለዚህ በግቢ የተገኘ እባብ ምንም ያህል ማቆያ ቢዘጋጅለት ይዞ ማሳደግ አይፈቀድም፤ ሳይነኩት ርቆ ለሚመለከተው አካል ማሳወቅ ይገባል።