የመረጃና ደህንነት ተቋማት ቅንጅት በኢትዮጵያ

የመረጃና ደህንነት ተቋማት ቅንጅት ማለት የአንድን ሀገር ደህንነት የሚመለከት መረጃ የሚሰበስቡ፣ የሚተነትኑና በዚያ ላይ ተመሥርተው እርምጃ የሚወስዱ የተለያዩ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ሥራቸውን በአንድ አቅጣጫ የሚያካሂዱበት ሥርዓት ነው። በኢትዮጵያ ይህ ሥራ በዋናነት የሚካሄደው በብሔራዊ መረጃና ደህንነት አገልግሎት፣ በኢንፎርሜሽን መረብ ደህንነት አስተዳደር (ኢንሳ)፣ በፌዴራል ፖሊስና በአገር መከላከያ ሠራዊት የመረጃ ክፍል መካከል ነው። የፋይናንስ ደህንነት አገልግሎት፣ የጉምሩክ ኮሚሽን፣ የኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤትና የክልል ፖሊሶችም የየድርሻቸውን ያበረክታሉ። ቅንጅቱ ሲሠራ አደጋ ሳይደርስ ይከሸፋል። ሲላላ ደግሞ አንዱ ተቋም የያዘው ፍንጭ ለሌላው ሳይደርስ ይቀራል። ያለ ቁጥጥር ሲጠናከር ግን የዜጎች መብት ለአደጋ ይጋለጣል። በአዲስ አበባ ደቡባዊ ዳርቻ የሚገኘው የአቃቂ ቃሊቲ ክፍለ ከተማ የእነዚህ ተቋማት ሥራ በአንድ አካባቢ ጎን ለጎን ከሚታይባቸው ቦታዎች አንዱ ነው።

ምንነትና አስፈላጊነት

መረጃ ለደህንነት ሥራ ጠቃሚ የሚሆነው በአራት ደረጃዎች ሲያልፍ ነው። መጀመሪያ ውሳኔ ሰጪው አካል ማወቅ የሚፈልገውን ይለያል። ቀጥሎ መረጃው ከሰው፣ ከመገናኛ መሣሪያዎች፣ ከሰነዶችና ከግልጽ ምንጮች ይሰበሰባል። ሦስተኛው ደረጃ ትንተና ነው፤ የተሰበሰበው ይመዘናል፣ ከሌላ መረጃ ጋርም ይነጻጸራል። በመጨረሻ ውጤቱ እርምጃ መውሰድ ለሚችለው አካል ይደርሳል። ችግር በብዛት የሚፈጠረው በሦስተኛውና በአራተኛው ደረጃ ላይ ነው፤ አንድ ተቋም ብቻውን የያዘው ቁራጭ መረጃ ከሌላው ጋር ካልተገጣጠመ ትርጉም ላይሰጥ ይችላልና።

ተቋማት መረጃ የማይለዋወጡበት ምክንያት ሁልጊዜ ቸልተኝነት አይደለም። የስለላ መሥሪያ ቤት ምንጩ እንዳይጋለጥበት ይሰጋል። ፖሊስ ፍርድ ቤት የሚቀበለው ማስረጃ ይፈልጋል። ጉምሩክ ዋና ትኩረቱ ቀረጥና ኮንትሮባንድ ነው። በዚህ ላይ የተቋማት ፉክክር ሲጨመር አንዱ ከሌላው መደበቁ የተለመደ ይሆናል።

ችግሩ የኢትዮጵያ ብቻ አይደለም። ብሪታንያ የወታደራዊና የሲቪል መሥሪያ ቤቶችን ግምገማ የሚያገናኝ የጋራ የመረጃ ኮሚቴ ያቋቋመችው በ1936 እ.ኤ.አ. ነው። አሜሪካም ከመስከረም 11 ቀን 2001 እ.ኤ.አ. ጥቃት በኋላ፣ ተቋሞቿ የያዙትን ፍንጭ በወቅቱ አለመጋራታቸው በምርመራ ሲረጋገጥ፣ በ2004 እ.ኤ.አ. የብሔራዊ መረጃ ዳይሬክተር የሚባል አስተባባሪ ሹመት ፈጥራለች።

ታሪክ

በንጉሡ ዘመን

በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን የመረጃ ሥራ በአንድ ማዕከል አልተጠቃለለም ነበር። የአገር ግዛት ሚኒስቴር፣ ፖሊስ፣ የጦር ሠራዊቱና የንጉሠ ነገሥቱ ልዩ ካቢኔ እያንዳንዳቸው መረጃ ይሰበስቡ ነበር። እንደ አቶ መኮንን ሀብተወልድ ያሉ ሚኒስትሮችም የራሳቸው የመረጃ መረብ ነበራቸው። ሁሉም ለንጉሡ በየግል ያቀርቡ ስለነበር አንዱ የሌላው ተቆጣጣሪ ይሆናል የሚል ስሌት ነበረበት።

የዚህ አሠራር ድክመት በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. ጎልቶ ታየ። ንጉሡ በብራዚል ጉብኝት ላይ ሳሉ የክብር ዘበኛ አዛዡ ብርጋዴር ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይና ወንድማቸው ገርማሜ ንዋይ መፈንቅለ መንግሥት ሞከሩ። ከተባባሪዎቹ መካከል የፖሊስ አዛዡ ብርጋዴር ጄኔራል ጽጌ ዲቡና የደህንነት ኃላፊው ሌተና ኮሎኔል ወርቅነህ ገበየሁ ይገኙበታል። ሴራውን ሊያከሽፉ ይገባቸው የነበሩት ራሳቸው በሴራው ውስጥ ስለነበሩ ማስጠንቀቂያው ከላይ አልደረሰም። ሙከራው በጦር ሠራዊቱና በአየር ኃይሉ ከሽፏል። አቶ መኮንንን ጨምሮ በርካታ ባለሥልጣናትም በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ተገድለዋል።

በደርግ ዘመን

ደርግ ሥራውን በሀገርና ሕዝብ ደህንነት ጥበቃ ሚኒስቴር ሥር ጠቀለለው። ሚኒስትሩ ኮሎኔል ተስፋዬ ወልደ ሥላሴ ነበሩ። መሥሪያ ቤቱ ከምሥራቅ ጀርመንና ከሶቪየት ኅብረት ሥልጠናና የቴክኒክ እገዛ ያገኝ ነበር። ከታች የቀበሌና የአብዮት ጥበቃ መዋቅር መረጃ ያቀርብ ነበር። ይሁን እንጂ ማዕከላዊነት ብቻውን ዋስትና አልሆነም። ግንቦት 8 ቀን 1981 ዓ.ም. የኤታ ማዦር ሹሙ ሜጀር ጄኔራል መርዕድ ንጉሤና የአየር ኃይል አዛዡ ሜጀር ጄኔራል አምሃ ደስታ የተሳተፉበት የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራ ተካሄደ። በዕለቱ የመከላከያ ሚኒስትሩ ሜጀር ጄኔራል ኃይለ ጊዮርጊስ ሀብተማርያም ተገደሉ።

ከ1983 ዓ.ም. በኋላ

በኢሕአዴግ ጊዜ በ1987 ዓ.ም. የደህንነት፣ የኢሚግሬሽንና የስደተኞች ጉዳይ ባለሥልጣን ተቋቋመ። የሀገር ውስጥ ደህንነት፣ የድንበር መግቢያና የስደተኞች ጉዳይ በአንድ ጣሪያ ሥር መሆናቸው መረጃን ለማገናኘት አመቺ ነበር፤ ሥልጣንን በአንድ እጅ የማከማቸት ጎንም ነበረው። ኃላፊው ክንፈ ገብረ መድኅን ግንቦት 4 ቀን 1993 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ተገደሉ። በ1994 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 257 በጠቅላይ ሚኒስትሩ የሚመራ ብሔራዊ የደህንነት ምክር ቤት ተቋቋመ። ምክር ቤቱ በከፍተኛው ደረጃ የሚሠራ የቅንጅት መድረክ ነው።

የኮምፒውተርና የስልክ መረብ እየተስፋፋ ሲመጣ በ1999 ዓ.ም. ኢንሳ ተመሠረተ። ለገንዘብ ነክ ወንጀል የሚያገለግለው የፋይናንስ ደህንነት ማዕከልም በ2002 ዓ.ም. ሕጋዊ መሠረት አገኘ። ማዕከሉ ከባንኮች የሚደርሱትን አጠራጣሪ ግብይቶች ተንትኖ ለሚመለከታቸው የሕግ አስከባሪ አካላት ያስተላልፋል። በአዋጅ ቁጥር 804/2005 የብሔራዊ መረጃና ደህንነት አገልግሎት እንደገና ሲቋቋም የአቪዬሽን ደህንነትን የመምራት ኃላፊነትም ተሰጠው።

ከ2010 ዓ.ም. ወዲህ

ዐቢይ አሕመድ በመጋቢት 2010 ዓ.ም. ጠቅላይ ሚኒስትር ሲሆኑ ሥራውን ከውስጥ የሚያውቁ ነበሩ፤ ቀደም ሲል በኢንሳ በኃላፊነት አገልግለዋል። በሰኔ ወር ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ሲናገሩ የመንግሥት የጸጥታ አካላት በእስረኞች ላይ ግፍ መፈጸማቸውን አምነዋል።

ከቀናት በኋላ፣ ሰኔ 16 ቀን 2010 ዓ.ም. በመስቀል አደባባይ በተካሄደ የድጋፍ ሰልፍ ላይ የእጅ ቦምብ ተወረወረ። 2 ሰዎች ሞቱ፤ ከ150 በላይ ቆሰሉ። በጥበቃው ላይ በታየው ክፍተት የተጠረጠሩ የአዲስ አበባ ፖሊስ ኃላፊዎች ተይዘዋል። በዚያው ዓመት መጨረሻና በ2011 ዓ.ም. መጀመሪያ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ የጥቃቱ አቀነባባሪዎች ከደህንነት መሥሪያ ቤቱ የቀድሞ አመራሮች መካከል እንደሚገኙ ገልጿል።

በ2011 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1097 የሰላም ሚኒስቴር ሲቋቋም የመረጃና ደህንነት አገልግሎቱ፣ ኢንሳ፣ ፌዴራል ፖሊስና የፋይናንስ ደህንነት ማዕከሉ ተጠሪነታቸው ለሚኒስቴሩ ሆነ። ዓላማው ተበታትነው የነበሩትን በአንድ ሲቪል ሚኒስትር ሥር ማስተባበር ነበር። በዚያው ዓመት ሰኔ 15 ቀን ግን በባሕር ዳር የአማራ ክልል ርዕሰ መስተዳድር አምባቸው መኮንንና ሁለት የክልሉ ባለሥልጣናት፣ በአዲስ አበባ ደግሞ የጦር ኃይሎች ኤታ ማዦር ሹም ጄኔራል ሰዓረ መኮንን በአንድ ምሽት ተገደሉ። የክልሉ የጸጥታ ቢሮ ኃላፊ ራሱ የባሕር ዳሩ ጥቃት መሪ መሆኑ ሲነገር የ1953ቱን ጥያቄ መልሶ አስነሣ፦ ጠባቂውን ማን ይጠብቃል? በ2014 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1263 የሥራ አስፈጻሚው አካል እንደገና ሲደራጅ የመረጃና ደህንነት አገልግሎቱና ኢንሳ ተጠሪነታቸው ለጠቅላይ ሚኒስትሩ ሆነ።

የቅንጅት መንገዶች

በሥራ ላይ የሚታወቁት የቅንጅት መንገዶች የሚከተሉት ናቸው፦

• ብሔራዊ የደህንነት ምክር ቤት። በጠቅላይ ሚኒስትሩ ሰብሳቢነት ፖሊሲና ቅድሚያ የሚሰጣቸውን ጉዳዮች ይወስናል።
• የፀረ ሽብር አስተባባሪ ኮሚቴ። በ2001 ዓ.ም. በወጣው የፀረ ሽብርተኝነት አዋጅ ቁጥር 652 የፍትሕ፣ የደህንነትና የፖሊስ ኃላፊዎችን አንድ ላይ አምጥቷል።
• የጸጥታና ደህንነት የጋራ ግብረ ኃይል። የመረጃና ደህንነት አገልግሎትን፣ የመከላከያን፣ የፌዴራል ፖሊስንና የኢንሳን ተወካዮች ይዞ የሚሠራ ሲሆን በጥምቀት፣ በመስቀል፣ በኢሬቻና በአፍሪካ ኅብረት ጉባኤ ዋዜማ መግለጫ በማውጣት ይታወቃል።
• ኮማንድ ፖስት። በ2009 ዓ.ም. እና ከዚያ ወዲህ በታወጁት የአስቸኳይ ጊዜ አዋጆች የጸጥታ ኃይሎችን በአንድ ዕዝ ያደረገ ጊዜያዊ አደረጃጀት ነው።

በአህጉር ደረጃ የአፍሪካ የመረጃና ደህንነት አገልግሎቶች ኮሚቴ በ2004 እ.ኤ.አ. በአቡጃ ተመሥርቶ ጽሕፈት ቤቱ በአዲስ አበባ ይገኛል።

የጋራ ሥራ አስፈላጊነት በጥቅምት 3 ቀን 2006 ዓ.ም. ጎልቶ ታይቷል። የኢትዮጵያና የናይጄሪያ ብሔራዊ ቡድኖች ለዓለም ዋንጫ ማጣሪያ በተጋጠሙበት ዕለት፣ ጥቃት ለመፈጸም ተዘጋጅተው ነበር የተባሉ 2 ሶማሊያውያን በቦሌ በተከራዩት ቤት ውስጥ የያዙት ፈንጂ ፈንድቶባቸው ሞቱ። የቤት ኪራይ፣ የድንበር መግቢያ፣ የገንዘብ ዝውውርና የስልክ ግንኙነት መረጃ በተለያዩ መሥሪያ ቤቶች እጅ የሚገኝ በመሆኑ እንዲህ ያለ ጉዳይ በአንድ ተቋም ብቻ አይደረስበትም።

አቃቂ ቃሊቲ

አቃቂ ቃሊቲ ከአዲስ አበባ ወደ ቢሾፍቱ፣ አዳማና ጅቡቲ የሚወስደው መንገድ መውጫ ነው። ሀገሪቱ ከባሕር የምታስገባው ዕቃ ብዙው በዚህ በር ያልፋል። የአዲስ አበባና አዳማ ፈጣን መንገድም ከቱሉ ዲምቱ ይነሣል። የቃሊቲ ጉምሩክ ቅርንጫፍ፣ የቃሊቲ የአውቶቡስ መናኸሪያና የቀላል ባቡር የደቡብ ጫፍ ጣቢያ በዚሁ አካባቢ ናቸው። ለከተማዋ ውኃ የሚያቀርቡት የአቃቂ ጉድጓዶች፣ የቃሊቲ የኤሌክትሪክ ማከፋፈያ ጣቢያና የፍሳሽ ማጣሪያው ሲጨመሩ አካባቢው የመንገድ፣ የንግድና የመሠረተ ልማት ደህንነት የሚገናኙበት ይሆናል። ክፍለ ከተማው ከኦሮሚያ ክልል ጋር ስለሚዋሰን የከተማው፣ የክልሉና የፌዴራል ፖሊስ የሥልጣን ወሰንም እዚህ ይገናኛል። አንድ ተጠርጣሪ ጥቂት ኪሎ ሜትር ሲያልፍ ጉዳዩ የሚመለከተው ፖሊስ ሊለወጥ ይችላል።

አካባቢው በይበልጥ የሚታወቀው ግን በእስር ቤቶቹ ነው። የቃሊቲ ማረሚያ ቤትና የቂሊንጦ ማረፊያ ቤት በዚሁ ክፍለ ከተማ ይገኛሉ። የመረጃና ምርመራ ሰንሰለት ለብዙዎች የሚያበቃው እዚህ ነበር፤ ቀድሞ የማዕከላዊ ምርመራ ከጨረሰ በኋላ ተጠርጣሪዎች ወደ እነዚህ እስር ቤቶች ይላኩ ነበር። ብርቱካን ሚደቅሳ፣ እስክንድር ነጋ፣ ርዕዮት ዓለሙ እንዲሁም ሁለት ስዊድናውያን ጋዜጠኞች በቃሊቲ ታስረዋል። ማረሚያ ቤቱ በስምንት ዞኖች የተከፋፈለ ስለነበር አንድ የጦማሪዎች ቡድን ከእስር ቤቱ ውጪ ያለውን ሀገር «ዞን ዘጠኝ» ብሎ ሰየመው። የቡድኑ አባላት በሚያዝያ 2006 ዓ.ም. ተይዘው በአዋጅ 652 ተከሰሱ። የተወሰኑት ክሳቸው ተቋርጦ ተለቀቁ፤ ሌሎቹ በጥቅምት 2008 ዓ.ም. ከሽብር ክሱ ነጻ ተባሉ። በቂሊንጦ ነሐሴ 28 ቀን 2008 ዓ.ም. በተነሣ ቃጠሎና ግርግር 23 እስረኞች ሞተዋል።

ቁጥጥርና ትችት

ከመረጃ ቅንጅት ጋር የተያያዘው ትልቁ የሕግ ጥያቄ በስለላ የተገኘ መረጃ በፍርድ ቤት ምን ዋጋ አለው የሚለው ነው። አዋጅ 652 ምንጩና የተሰበሰበበት መንገድ ባይገለጽም የደህንነት ሪፖርት በማስረጃነት እንዲቀርብ ይፈቅድ ነበር። ፖሊስም ተጠርጣሪን ክስ ሳይመሠረት እስከ አራት ወር እንዲያቆይ የሚያስችል ነበር። በዚህ አሠራር የስለላው ሪፖርት ሳይፈተሽ በቀጥታ ወደ ክስ መዝገብ ይገባል፤ ተከሳሹም ማንን እንደሚሞግት አያውቅም። አዋጁ በ2012 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1176 ተተክቷል። የአዲሱ አዋጅ መግቢያ የቀድሞው ሕግ በዜጎች መብት ላይ አሉታዊ ውጤት ማሳደሩን ይጠቅሳል።

በኤሌክትሮኒክ ስለላ ረገድም ትችት ቀርቧል። ሲትዝን ላብ የተባለው የካናዳ የምርምር ተቋም በ2006 ዓ.ም. በውጭ የሚኖሩ የኢሳት ጋዜጠኞች ኮምፒውተሮች በስለላ ሶፍትዌር መጠቃታቸውን ዘግቧል።

ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 26 የግል ሕይወትን ያስከብራል፤ በአንቀጽ 19 የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት እንዲቀርብ ያዝዛል። አንቀጽ 55 ደግሞ የደህንነትና የፖሊስ ኃይሎች ሰብአዊ መብትን ሲጥሱ የተወካዮች ምክር ቤት እንዲያጣራና እርምጃ እንዲወስድ ሥልጣን ይሰጣል። የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽንም ማረሚያ ቤቶችን የመጎብኘት ሥልጣን አለው። ተቋማቱ ይበልጥ በተቀናጁ ቁጥር የአንዱ ስሕተት በሁሉም መዝገብ ስለሚገባ እነዚህ የቁጥጥር መንገዶች የቅንጅቱ አካል ተደርገው ይወሰዳሉ።

ደግሞ ይዩ

• አቃቂ ቃሊቲ ክፍለ ከተማ
• የ1953 ዓ.ም. የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራ
• የኢትዮጵያ ፌዴራል ፖሊስ
• የአፍሪካ ኅብረት