ልኩን የሚያውቅ ኦክሳይድ

ሲሊከን የኤሌክትሮኒክስ ኢንዱስትሪ መሠረት የሆነው ከከፊል አስተላላፊዎች ሁሉ፣ ማለትም እንደ መዳብ ኤሌክትሪክን እንደ ልብ ከማያሳልፉ፣ እንደ ብርጭቆም ፈጽሞ ከማይከለክሉ ቁሶች ሁሉ የላቀ ስለሆነ አይደለም። ኤሌክትሮኖች በጋሊየም አርሰናይድ ውስጥ ከሲሊከን ይልቅ በፍጥነት ይጓዛሉ፤ እ.ኤ.አ. በ1947 የመጀመሪያው ትራንዚስተር የተሠራውም በጀርማኒየም ነው። ሲሊከን እነዚህን የበለጠው በኦክሳይዱ ነው። ከ900 እስከ 1200 ዲግሪ ሴልሺየስ በሚደርስ ሙቀት ኦክስጅን ሲያገኘው ሲሊከን ዳይኦክሳይድ የተባለ ጥብቅ፣ ወጥና ኤሌክትሪክ የማያሳልፍ ሽፋን በላዩ ላይ ይፈጠራል፤ የጀርማኒየም ኦክሳይድ ግን ውሃ የሚያሟሟው በመሆኑ ለዚህ ተግባር አስተማማኝ አልሆነም። ስለዚህ አንድ አዲስ ከፊል አስተላላፊ ሲቀርብ ኤሌክትሮኖችን ምን ያህል እንደሚያፈጥን ብቻ ሳይሆን ኦክስጅን ሲነካው ምን እንደሚሆንም መጠየቅ ተገቢ ነው።

ይህ ጥያቄ ከምንጊዜውም በላይ የከበደው ውፍረታቸው ከጥቂት አቶም በማይበልጥ ቁሶች ላይ ነው። ትራንዚስተር እያነሰ በሄደ መጠን የኤሌክትሪክ ፍሰቱ የሚያልፍበት መስመርም መሳሳት አለበት፤ ይሁንና ሲሊከን ጥቂት ናኖሜትር እስኪሆን ሲሳሳ የገጹ ሸካራነት ኤሌክትሮኖችን ከመንገዳቸው ያስታል። በተፈጥሯቸው በንጣፍ የተደራረቡ ቁሶች ተፈላጊ የሆኑት በዚህ ምክንያት ነው፤ በእነርሱ ውስጥ አቶሞቹ በየንጣፉ በጽኑ ትስስር ሲያያዙ ንጣፍና ንጣፍ የሚያያዙት ግን በደካማ መሳሳብ በመሆኑ፣ አንዱን ንጣፍ ከሌላው ገፎ ማውጣት ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ2004 በማንቸስተር ዩኒቨርሲቲ አንድሬ ጋይምና ኮንስታንቲን ኖቮሴሎቭ ከግራፋይት ላይ በማጣበቂያ ፕላስተር የገፈፉት ግራፊን የዚህ መንገድ ከፋች ቢሆንም፣ ፍሰቱን ሙሉ በሙሉ ማቋረጥ ስለማይቻል ለማብሪያና ማጥፊያነት አልተመቸም። ትኩረቱ ወደ ሞሊብዲነም ዳይሰልፋይድና ወደ ተንግስተን ዳይሴሌናይድ የዞረው ከዚህ የተነሣ ነው። የእነዚህ አንድ ንጣፍ የብረቱን አቶሞች በመካከል፣ የድኙን ወይም የሴሌኒየሙን አቶሞች ደግሞ ከላይና ከታች የያዘ ሲሆን፣ ውፍረቱ 0.7 ናኖሜትር ገደማ ብቻ ነው።

በእንዲህ ያለ ቁስ ላይ ገጽ የሚባለው ራሱ ገላው ነው። በወፍራም ሲሊከን ላይ ጥቂት ናኖሜትር ወደ ኦክሳይድ ቢለወጥ የሚጎድል ነገር አይታይም፤ ባለ ሦስት ንጣፍ ተንግስተን ዳይሴሌናይድ ግን አንዱ ንጣፍ ሲለወጥበት የአካሉን ሲሶ ያጣል። ስለዚህ ዋናው ጉዳይ ለውጡ በራሱ የሚያቆም መሆኑ ወይም አለመሆኑ ነው። የብረት ዝገት እየተፈረፈረ አዲስ ገጽ ስለሚያጋልጥ እስከ ውስጥ ይዘልቃል፤ የአሉሚኒየም ድስት ግን በላዩ የሚፈጠረው ስስ ኦክሳይድ ራሱ ጋሻ ስለሚሆነው ለዓመታት ያገለግላል።

ኦክስጅንን ሆን ብሎ ወደ ገጹ የማቅረቢያ መንገዶች በርካታ ናቸው። ቁሱን በአየር ወይም በኦክስጅን ውስጥ ማሞቅ ቀላሉ ሲሆን፣ ሁለተኛው የኦክስጅን ፕላዝማ፣ ማለትም በኤሌክትሪክ ኃይል ወደ አዮኖችና ነጠላ አቶሞች የተበታተነ ጋዝ ነው። ሦስተኛው አልትራቫዮሌት ጨረርን ከኦዞን ጋር የሚያጣምረው ነው። በዚህ ዘዴ የሜርኩሪ መብራት የሚያመነጨው 185 ናኖሜትር የሞገድ ርዝመት ያለው ጨረር ከአየሩ ኦክስጅን ኦዞንን ሲፈጥር፣ 254 ናኖሜትር የሆነው ደግሞ ኦዞኑን መልሶ እየሰበረ ነጠላ የኦክስጅን አቶሞችን ይለቃል። የፕላዝማ አዮኖች በግጭት ንጣፉን ሊያቆስሉ ስለሚችሉ የኦዞኑ ለስላሳነት ትልቅ ብልጫ ነው።

ሞሊብዲነም ዳይሰልፋይድ ከ300 ዲግሪ በላይ በኦክስጅን ውስጥ ሲሞቅ የሚታየው ወጥ ሽፋን ሳይሆን ሦስት ማዕዘን ቅርጽ ያላቸው ጉድጓዶች ናቸው፤ ለውጡ የድኝ አቶም በጎደለበት እንከን ላይ ይጀምርና የክሪስታሉን አቅጣጫ ተከትሎ ወደ ጎን ይበላል። በልክ የቀረበ ኦክስጅን ግን ተቃራኒውን ውጤት ያመጣል፤ የኦክስጅን አቶም በጎደለው የድኝ ቦታ ገብቶ ሲተሳሰር እንከኑ ይሸፈናል፣ ነጠላ ንጣፉ የሚሰጠው ብርሃንም ይደምቃል። ኦክስጅኑ ከልክ ሲያልፍ ያው ብርሃን ይጠፋል። ጥቁር ፎስፎረስ የተባለው ሌላው የንጣፍ ቁስ ደግሞ ኦክስጅን ሆን ተብሎ እንዲቀርብለት እንኳ አያስፈልገውም፤ ስስ ንጣፉ ብርሃን፣ ኦክስጅንና እርጥበት ባለበት ተራ አየር ውስጥ በራሱ ይበላሻል።

በዚህ ረገድ አስደናቂው ተንግስተን ዳይሴሌናይድ ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ፣ በጃፓን የተካሄደ ጥናት እንዳሳየው፣ ይህ ቁስ ከ100 ዲግሪ በታች ለኦዞን ሲጋለጥ ኦክሳይዱ የሴሌኒየም አቶሞች የዚግዛግ ጠርዝ የሚይዙበትን አቅጣጫ ተከትሎ ወደ ጎን ይስፋፋል፤ የተለወጡት ስፍራዎች ተገናኝተው ገጹን ሁሉ ሲሸፍኑም ለውጡ ይቆማል። የላይኛው ንጣፍ ብቻ ተንግስተን ኦክሳይድ ሆኖ፣ ከሥሩ ያለው ሳይነካ ይቀራል፤ ሙቀቱ ከፍ ሲል ደግሞ ለውጡ ንጣፍ በንጣፍ እስከ ሦስተኛው ይወርዳል። የሙቀት መቆጣጠሪያን በማስተካከል ብቻ አቶሞችን በንጣፍ ቆጥሮ መለወጥ መቻሉ በዘርፉ ከታዩት ውብ ውጤቶች አንዱ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። መለወጡ የሚረጋገጠው ናሙናው በኤክስ ሬይ ተመትቶ የሚወጡት ኤሌክትሮኖች ጉልበት ሲለካ ነው፤ ከኦክስጅን ጋር የተሳሰረው ተንግስተን ከሴሌኒየም ጋር ከተሳሰረው ከ3 ኤሌክትሮን ቮልት በላይ ርቆ የራሱን ምልክት ያሳያል።

የዚህ ኦክሳይድ ጥቅም ከጋሻነት ያለፈ ነው። በሲሊከን ላይ የኤሌክትሪክ ጠባይን ለመወሰን እንደ ቦሮንና ፎስፎረስ ያሉ ባዕድ አዮኖች በኃይል ወደ ውስጥ ይተኮሳሉ፤ ሦስት አቶም ብቻ የሚወፍር ንጣፍ ግን እንዲህ ያለውን ምት አይችልም። ተንግስተን ኦክሳይድ ኤሌክትሮን የመሳብ ኃይሉ ከፍተኛ በመሆኑ፣ ከሥሩ ካለው ንጣፍ ኤሌክትሮኖችን ወደ ራሱ ወስዶ በምትካቸው የኤሌክትሮን ጉድለቶችን ይተዋል፤ እነዚህም እንደ አዎንታዊ የኤሌክትሪክ ሙል እየተንቀሳቀሱ ፍሰቱን ይሸከማሉ። ንጣፉ ሳይቆስል ጠባዩ ከውጭ ይለወጣል ማለት ነው። ዘዴው በተለይ የብረት ሽቦው ከከፊል አስተላላፊው በሚገናኝበት ቦታ ላይ ሲውል፣ ስስ ቁሶችን እጅግ ያስቸገረውን የመገናኛ ተቃውሞ ይቀንሳል። ኦክሳይዱ በአልካላይ ፈሳሽ ሲታጠብም ስለሚሟሟ፣ አንዱን ንጣፍ ለውጦ በማጠብ ቁሱን በሚፈለገው ልክ ማሳሳት ይቻላል።

ተንግስተን ኦክሳይድ የማይሞላው አንድ ቦታ ግን አለ። ኦክስጅን የጎደለው ሲሆን ኤሌክትሪክ በመጠኑ ስለሚያሳልፍ፣ ሲሊከን ዳይኦክሳይድ በትራንዚስተሩ በር፣ ማለትም ፍሰቱን በሚከፍተውና በሚዘጋው ክፍል ሥር የሚሰጠውን የከላካይነት አገልግሎት በአስተማማኝነት አይሰጥም። ለዚህ ተስፋ የሚጣልበት ቢስመዝ ኦክሲሴሌናይድ የተባለ ሌላ ከፊል አስተላላፊ ነው፤ የፔኪንግ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2020 ይፋ ባደረጉት ሥራ ይህ ቁስ ሲሞቅ ገጹ ቢስመዝ ሴሌናይት ወደሚባል ከላካይ ኦክሳይድ እንደሚለወጥ አሳይተዋል። የበሩን የኤሌክትሪክ መስክ የማስተላለፍ አቅም የሚለካበት ዳይኤሌክትሪክ ቋሚ ለሲሊከን ዳይኦክሳይድ 3.9 ሲሆን ለዚህኛው 21 ያህል ነው፤ ይህም በሩ ከወፍራም፣ ስለዚህም ብዙ ከማያፈስ ሽፋን በላይ ተቀምጦ ፍሰቱን በጥብቅ እንዲቆጣጠር ያስችለዋል። በውሃ በቀጠነ የሃይድሮፍሎሪክ አሲድ ደግሞ ኦክሳይዱ ብቻ ተለይቶ ስለሚነሣ፣ ብረቱ ከከፊል አስተላላፊው የሚገናኝበትን ቦታ መክፈት ይቻላል።